ያልነካሁት የድንበር ድንጋይ

ያልሠራሁትን ጥፋት አናዘዙኝ። ታምሜ ነበር፤ ሕመሜን ወንጀል አደረጉት።

እናቴም እህቴም ድባቴ ነበረባቸው። እናቴ ሳምንት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ፣ መንደራችን ላንቴ ያለ ሰው ሁሉ «ከእናቷ ወርሳው ነው፤ በሴት ነው የሚወርደው» ይል ነበር። እህቴንም እንደዚያው። እሷን አርባ ምንጭ ወስደው አሳከሟት።

እኔን ሲይዘኝ የሙዝ ማሳዬ እየደረቀ፣ የውኃ ተራዬ ደርሶ፣ ቦዩን ለመክፈት እጄ እምቢ አለኝ። ወንድ ነኛ! በሽታው በሴት ነው ተብሏል፤ ስለዚህ የእኔው ጎሜ ነው አሉ። ጎሜ የተከለከለውን በጣሰ ሰው ላይ የሚመጣ መዘዝ ነው። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት የሚዘምሩት ዘመዶቼ ናቸው ይህን ያሉት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

«ያጠፋኸውን ተናገርና ዳን።»

«ምንም አላጠፋሁም።»

«ታዲያ ምነው እንደ አራስ ተኛህ?» አለ ታላቅ ወንድሜ። ሰው ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ታከተኝ። እንዲተዉኝ ብዬ «የወንድሜን የድንበር ድንጋይ ገፍቻለሁ» አልኩ። ድንጋዩን ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ማሳ አስገቡት። አባቴ ድንበሩን ሲተክል የድንጋዩ ቦታ እንዳይጠፋ ከሥሩ ከሰል ቀብሮ ነበር። ቢቆፍር እውነቱን ያገኝ ነበር። አልቆፈረም፤ የልጁን ቃል አመነ። ሌባ እንደወለደ አምኖ ሞተ። እነሱን አልማርኳቸውም፤ ራሴን ግን ከእነሱ ይብስ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ። እህቴን ለክትትል ስወስዳት ካርዷን አነበብኩት። «ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ቤተሰብ፦ እናት» ይላል።

«ወንድምስ?» አልኳት ሐኪሟን።

«ማንም አልነገረንም። በሴቶች ላይ የዘር ድርሻው ይበረታል ይባላል፤ በሴትና በወንድ የሚለያይ ነገርም አለው። ወንድን ይዘላል ማለት ግን አይደለም፣ አባቴ። ወንዶች ሲያማቸው አይናገሩም እንጂ።»

«እኔስ ተናግሬ ነበር። ውሸት ነው የተናገርኩት።»

ካርዱ ላይ «ወንድም» ብላ ጨመረች። ሁለቴ አነበብኩት።

ቤት ስደርስ ወንድሜን ዶማ አስይዤ ወደ ድሮው ድንበር ወሰድኩት። ጉልበቱ ድረስ ቆፈረና ቆመ። ከሰሉን በእጁ አንስቶ አየው።

«አባባ ይህን ሳያይ...» አለና ተወው።

ድንጋዩን ሁለታችን ተሸክመን ቦታው መለስነው፤ ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.።