ቢጫው ሻጋታ በካርቲየ 3

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ አልጋዬ ሥር በሳህን ላይ ዝልግልግ ሻጋታ አሳድግ ነበር። አንጎል የሌለው ቢጫ ፍጡር ነው። አጃ ስበትንለት በየአቅጣጫው ይዘረጋና መጨረሻ ላይ ወደ አጃው የሚያደርሱትን አጫጭሮቹን መንገዶች ብቻ ያስቀራል። ይህን ዘዴውን እየቀዳሁ መንገድ የሚፈልግ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፍ ነበር።

ጨርቅ ነጋዴው አባቴ ሳህኑን ሲያይ ጮኸ።

«ከድሬዳዋ የመጣነው ሻጋታ ልናረባ ነው? አውጪው!»

«አላወጣም፣ አባባ። እሱ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ።»

በማግስቱ ሳህኑን በረንዳ ላይ አገኘሁት። ሻጋታው በሙቀቱ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። አላለቀስኩም፤ ውኃ አርከፈከፍኩበትና ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሲነጋ እንደገና መዘርጋት ጀምሮ ነበር። ሱቅ ድረስ ወስጄ አባቴ ፊት ባንኮኒው ላይ አኖርኩት።

«ይኸው፣ አልሞተም» አልኩና ደንበኞቹ እያዩ አጃ በተንኩለት።

 አባቴ ከዚያ ወዲያ ሳህኑን ዳግመኛ አልነካውም።