የፈረመው ያርም

ዳንደኖንግ ከተማ አንድ ቢሮ ሳጸዳ ሁልጊዜ የማገኛት ሴት አለች። የሹራቧ ክርን ሳስቷል፤ ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር ታወልቃለች። ሥራዋ ለጣሪያ ሶላር የመንግሥት ድጎማ የሚቀርቡ የኤሌክትሪክ ደህንነት ምስክር ወረቀቶችን ስህተት ማሳረም ነው። ማረም የሚችለው ግን የፈረመው ኤሌክትሪሻን ብቻ ነው።

«ዳሬን፣ የቤቱን ቁጥር ገልብጠኸዋል» አለች ዛሬ በስልክ።

«ጣሪያ ላይ ነኝ፣ የኔ እናት። አንቺው አርሚው።»

«የፈረምከው አንተ ነህ። ውረድና አርም።»

ከክምሩ ሥር ግን ወር ሙሉ ያልተነካች ወረቀት አለች፤ የራሷ ቤት ምስክር ወረቀት ናት። የቤቱ ቁጥር 41 መሆን ሲገባው 14 ይላል። ድጎማው አርብ ይዘጋል።

ጠረጴዛውን ስወለውል «ይቺንስ?» አልኳት።

ፊርማው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ባሌ ነው የፈረመው፣ ነፍሱን ይማርና። እሱ እንግዲህ አይወርድም።»