የዘለልኩት ቃል

ወንድሜ የሞተው ከዛፍ ወድቆ ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ አለዚያ ሌላውን መጻፍ አልችልም።

በሁለት ዓመት ብቻ ቢበልጠኝም ጋሼ እለው ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ ምጽዋ ወርዶ መርከበኛ ለመሆን ተፈተነ፤ አለፈ። የጥሪውን ደብዳቤ ከጎሬ ተቀብሎ መቱ ቤታችን ድረስ እየሮጠ አመጣው። እናታችን ባሕር አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ትልቅ ውሃ የሶር ወንዝ ነው።

"ባሕሩ ውስጥ ምን አለ?" አለች። የጠየቀችው እኔን ነው፤ እሱ መሄድ ስለሚፈልግ ይዋሸኛል ብላ።

የጂኦግራፊ መጽሐፌን አወጣሁ። አፉን የከፈተ ሻርክ ተሥሎበታል፤ ከሥሩ አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አለ። በአማርኛ ጀመርኩና፣ ልቧ እንዲገባ ብዬ ወደ ኦሮምኛ ዞርኩ፦ "ቁርጡሚ ነመ ኛቱ።" ሰው የሚበላ ዓሣ። በእንግሊዝኛው መካከል ላይ "ሰልደም" የሚል ቃል ነበር። አላውቀውም። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ፤ ዘለልኩት።

ወንድሜ ሳቀ። "እማዬ፣ የምሄደው እኮ በመርከብ ነው፤ ዓሣው ጀርባ ላይ አይደለም።"

"ሳቅ! ዓሣ የበላው ሰው መቃብር የለውም። የት ሄጄ ላልቅስ?"

እሷ ካለቀሰች እሱ አይችልም። ቀረ።

ሥራ እስኪያገኝ ሁሩሙ ላለው አጎታችን ማር ቆረጣ እንዲያግዝ ላከችው። ተጠንቀቅ እንኳ አላለችውም፤ ማር ቆረጣ ነዋ! በእኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጃጅም የቀረሮ ዛፍ ላይ ነው። ከዛፍ የወደቀ ዘመድ የሌለው ቤት አላውቅም። አጎታችን ራሱ ከወደቀ ጀምሮ ያነክሳል። ወባ የገደለውም፣ ሶር የወሰደውም፣ ከቀረሮ የወደቀውም ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል። ሻርክ የበላው ሰው ግን አንድም አይተን አናውቅም። የፈራነው እሱን ነው።

ንቦቹ ፊቱ ላይ ሲሰፍሩበት ገመዱን ለቀቀ። በቃሬዛ አመጡት።

ከአርባው በኋላ የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ሰልደም ማለት ከስንት አንዴ ማለት ነው። መጽሐፉ ያለው፣ ሻርክ ሰው የሚነክሰው ከስንት አንዴ ነው። ይኸው ነው።

ለእናታችን ልነግራት ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። እሷ ግን ሊያጽናኗት ለሚመጡት ሁሉ፣ "ተመስገን፣ ባሕር አልበላብኝም፤ መቃብሩ እዚሁ ነው" ትላለች። እነሱም "እውነትዎን ነው፣ እትዬ" ይሏታል። በዚህ ላይ ምን ብዬ ልጀምር?

በዓመቱ አጎታችን አዲስ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። "ዘንድሮ አንተ ነህ የምትወጣልኝ" አለኝ።

እናቴን አየኋት። አይሄድም እንድትል ጠበቅሁ።

"ያን ዛፍ ብቻ እንዳታስወጣው" አለችው። "ያ ዛፍ ክፉ ነው።"

"እኔ አልወጣም" አልኩ።

አጎታችን ሳቀ። "ተማሪው ፈራ እንዴ?"

"አዎ፣ ፈራሁ።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ወንድምህ አልፈራም ነበር" አለች።

ያን ጊዜ ስለ ዘለልኩት ቃል ልነግራት ይገባ ነበር። እኔ ግን እጄን ዘርግቼ ገመዱን ከአጎቴ ተቀበልኩ።