የሻወሩ ነጠላ ጫማ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ ለመታጠብ ለሚገባ ሁሉ የጎማ ነጠላ ጫማውን እያቀበለ፣ «አድርጉት፣ ሻወሩ ይነዝራል» ይል ነበር። ልጆቹን «አሠሩት» ስላቸው «አክስቴ፣ አታካብጂ» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት ሻወሩ እሱኑ ይዞ ጣለው። ቆጣሪውን አጥፍቼ አነሳሁት። «ልቤ ትዘላለች» አለኝ። ሐኪም ልቡን ይየው ብዬ ለመንኩ። ልጆቹ ግን ወተት አጠጡትና «ይኸው፣ ደህና ነው» አሉ። እሱም «ልጆቹን አታስቀይሚብኝ» አለኝ፤ ልመናዬን ተውኩ። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ሻወሩን አሠሩት፤ ለለቅሶ የመጣ እንግዳ እንዳይነዝረው ብለው።

እኔም ያልነገርኳቸው አለ። ያን ጠዋት ከእሱ በፊት የታጠብኩት እኔ ነኝ። ነጠላ ጫማው እግሬ ላይ ቀርቶ ነበር።