ብረት የማይሰማው ማሽን

ይህቺን ልብስ ሰፊ ሰፈሩ በሙሉ መርፌ ነው የሚላት። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የምናውቅ ሁለት ነበርን፣ አንዱ ሞቷል። መርፌ ያሏት በሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ቅጥነቷም አለበት፣ ምላሷም ወጋ ያደርጋል። እኔና እሷ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ስታስል ቀድሜ የምሰማ እኔ ነኝ። ከባሏ ጋር ሲጣሉማ ሬዲዮዬን ዝቅ አደርግ ነበር፣ እንዳያመልጠኝ።

ባሏ ጎሚስታ ነበር። እጁ ከጎማ ጥቁረት ጠርቶ አያውቅም፣ ሰው ማመንም አያውቅም፣ በተለይ ወንድሙን። ቤቱን ከአባቱ በገዛ ገንዘቡ ነው የገዛው። ውሉን ካጻፈ በኋላ "ይሄ ወንድሜ አንድ ቀን ይሰርቀኛል" ብሎ ወረቀቱን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ግቢው ውስጥ ቀበረው። ለሚስቱ መቅበሩን ነገራት፣ ቦታውን ግን አልነገራትም። ጎረቤቷ ማን እንደሆነች ያውቃላ።

አንድ ጠዋት ጎማ ሲነፋ ግማሽ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ታሰረ። አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ፣ በደህናው እጁ በመስኮት ወደ ግቢው ሲያሳይ ሲያሳይ ሞተ። እሷ ውሃ የጠማው መስሏት ታጠጣዋለች፣ ብርሃኑ የረበሸው መስሏት መጋረጃ ትዘጋለታለች። እኔም እግርጌው ነበርኩ፤ ፀሐይ አምሮት ነው ብያለሁ።

ወር ሳይሞላው ዋርሳዋ ከች አለ፣ ያ የባሏ ወንድም። የመኪና ደላላ ነው፣ ሲያናግራችሁ ኪሳችሁን በዓይኑ የሚበረብር። "ቤቱን አባቴ ለኔ ነው የተናዘዘልኝ፣ ወንድሜ በደባልነት ነው የኖረው" ብሎ ከሰሰ። ምስክርም አላጣም። የማዘጋጃ ቤቱ ቅጂ መዝገብ ቤቱ የተቃጠለ ጊዜ አብሮ ነዷል። ዳኛው "ባሌ ገዝቶታል ካልሽ ውሉን አምጪ" ብሎ የሁለት ወር ቀጠሮ ሰጣት። ዋርሳዋም ደግ ሆኖ "የኋላዋ ክፍል እስክትሞቺ ያንቺ ትሁን፣ ስፌትሽን ስፊባት፣ እፈርምልሻለሁ" አላት። እሷም "እናያለን" አለችው። ለኔ ግን "እኔ በላቤ ባስለሰንኩት ቤት ጥገኛ ልሁን?" ብላኛለች።

መጀመሪያ በዶማ ሞከረች። ግቢው ረዥም ነው፣ ኮረትም የተደፋበት ነው። አሥራ አራት ጉድጓድ ቆፍራ ወገቧ አልቃና አለ። ያን ጊዜ ነው ከገበያው ጀርባ ያለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ ማሽን አለው ሲሉ የሰማሁት። ነገርኳት። የጨርቅ ጠርዝ የምታስርበትን የኦቨርሎክ መኪና፣ ግማሽ መተዳደሪያዋን፣ ሸጠችው።

"እማማ፣ እርስዎም ይምጡ፣ ዋጋ ይከራከሩልኛል" አለችኝ።

መንገድ ላይ "የምትፈልጊውን ለማንም እንዳትተነፍሺ" አልኳት። "ዋርሳሽ ጆሮ ከገባ ቀድሞሽ ይቆፍራል።" በዕድሜዬ አፍሽን ዝጊ ብዬ የመከርኩት ሰው እሷ ብቻ ናት።

ባለሱቁ መነጽሩን በላስቲክ ያሰረ ወፍራም ሰው ነው። ሦስት ማሽን አወጣ። መወልወያ ይመስላሉ፣ ጫፋቸው ላይ ግን ሳህን አላቸው።

"ይቺ ርካሿ ናት፣ ለጀማሪ የምትሆን" አለ። "ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ትጮሃለች። ሚስማርም ሳንቲምም ለሷ አንድ ነው።" አበራት። ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት። መርፌ ፊቷን አጨማደደች። ለልብስ ሰፊ የሚንጫጫ የስፌት መኪና የታመመ መኪና ነው።

"ዘይት አንሷታል" አለችው።

"ይቺ ዘይት አትወስድም፣ እትዬ።"

"ለዛ ነዋ የምትንጫጫው።"

ሁለተኛው ደግሞ ስክሪን ያለው፣ ወንዝ ውስጥ ሁሉ የሚገባ ነው። ዋጋውን ሲጠራ መልሰን አስቀመጥነው፣ እንዳንሰብረው። የቀረው ያገለገለ ነው፣ እጀታው በፕላስተር ተጠቅልሏል። መርፌ ገልብጣ ሆዱን አየችው፣ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው፣ ክብደቱን መዘነችው።

"ይሄ ማዞሪያ አለው" አለ ባለሱቁ። "እዚህ ጋ ካደረግሽው ተራ ብረት ላይ ዝም ይላል። ሚስማር በለው፣ መርፌ በለው፣ አይሰማም። ደህና ዕቃ ሲያገኝ ብቻ ነው የሚነግርሽ።"

"መርፌም አይሰማም?" ብላ ዞራ አየችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተሰበረ መርፌና ስፒል ጠርጋ ግቢዋ ላይ ስትደፋ የኖረች ሴት ናት። "ይሄ ለኔ የተሠራ ነው" አለች።

"ቆይ፣ ምንድነው የምትፈልጊው? እሱን ካወቅኩ ነው የምመክርሽ።"

በክርኔ ጎኗን ጎሸም አደረግኩት።

"የቤተሰብ ዕቃ ናት" አለችው።

ባለሱቁ ጠቀሰኝ። ለካ እንዲህ የሚለው ሁሉ ወርቅ ፈላጊ ነው። "እንግዲያ ይሄን ውሰጂ" ብሎ ማዞሪያውን ራሱ አስተካከለላት። እኔ ዋጋውን አስቀነስኩ፣ ባትሪም አስመረቅኩ። ወደ ቤት ስንመለስ እንዴት ያለሁ ብልህ ነኝ እያልኩ ነበር።

ሦስት ሳምንት ግቢዋን በሱ ጠረገችው። እኔ በርጩማዬ ላይ ቆሜ በአጥሩ አያለሁ። ማሽኑ ሲጮህ ተንበርክካ ትቆፍራለች። የዚፕ ራስ ታወጣለች፣ የነሐስ ቁልፍ፣ የጎማ ቫልቭ፣ ከመገበያያ የወጣ ሳንቲም።

"ዛሬስ?" እላታለሁ።

"ለአንድ ካፖርት የሚበቃ ቁልፍ" ትለኛለች። ኋላ ኋላ መቀለዱንም ተወችው። ጉልበቷ ቆሰለ። ደንበኛ መጥቶ ሱሪዬስ ሲላት ነገ ትለዋለች፣ ነገ ደግሞ ግቢው ውስጥ ናት።

እንግዲህ እኔ ምንም አላልኩም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዷ "ያቺ ልብስ ሰፊ ምን ሆና ነው ግቢዋን የምታርሰው?" ብትል፣ "ጎሚስታው ባዶ እጁን የኖረ መስሎሻል?" ነው ያልኩት። ወርቅ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ፈገግ ብያለሁ፣ እሱን አልክድም። ዱቄቴን ይዤ ቤት ሳልደርስ ወርቁ ሁለት ኪሎ ገብቷል።

በማግስቱ ዋርሳዋ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ።

"ወርቅ እየቆፈርሽ ነው እኔ ክፍል የምመርቅልሽ?" አላት።

"የምን ወርቅ?"

"አገር ያወቀውን።"

"አገር ካወቀው ቦታውን ያሳየኝ። ወገቤ ተቆርጧል።"

"ቀልጂ አንቺ። የፈረምኩት ነገር የለም፣ ያልኩሽን ክፍል ትቼዋለሁ። ለቀጠሮው ቁልፉን ይዘሽ ነይ።"

ከበርጩማዬ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ማሽኑን ተሸክማ ባለሱቁ ጋ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። "ውሸታም ነው የሸጥክልኝ" አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። እሱም ሳንቲም ወርውሮ ሞከረው፣ ጮኸ።

"ማሽኑስ ደህና ነው። ዕቃው በምን ውስጥ ነው ያለው?"

እሷ እኔን አየችኝ። አሁን ምን ቀረ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

"ወረቀት ነው። በብስኩት ቆርቆሮ የተቀበረ።"

ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "ቆርቆሮ ብረት ነው እኮ፣ እትዬ። እኔ ወርቅ መስሎኝ ብረት እንዳይሰማ አድርጌ ሰጠሁሽ። እላዩ ላይ ብትቆሚም አይነግርሽም።"

"ስንት ጊዜ ቆሜበት ይሆን" አለች።

ማዞሪያውን ብረት ሁሉ እንዲሰማ መልሶ ማሽኑን ሰጣት። ግቢው ላይ ስታበራው ያ ሁሉ መርፌ ባንድ አፍ ጮኸ። የኔ ቤት ድረስ ይሰማል። እሷ ግን ጆሮዋ የስፌት መኪና የገራው ጆሮ ነው፣ አንዱን ካንዱ ትለያለች። ከመስኮቱ ትይዩ፣ የልብስ እጣቢ በየቀኑ ከምትደፋበት ጥግ፣ ድምፁ ወፈር ብሎ ሳይቆራረጥ ቆየ። ዶማውን እኔ አቀበልኳት። ክንድ ያህል ሳትቆፍር ተገኘ።

ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል። የዓመታት የሳሙና ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ ወረቀቱ እንደ ሊጥ ተላቁጧል። አንድ ጥግ ላይ ግማሽ ሐምራዊ ማኅተም ይታያል፣ አልፎ አልፎም ፊደል፣ ሌላው ጭቃ ነው። ምን ታድርግ፣ የምታውቀውን አደረገች፤ ልታቃናው ጨርቅ ደርባ በካውያ ተኮሰችው። ጨርቁን ስታነሳ የቀረውም ፊደል ከጨርቁ ጋር ተላጦ ወጣ። ጨርቁንም ወረቀቱንም አጣጥፋ ፍርድ ቤት ይዛ ሄደች፣ እኔም አብሬያት።

ዳኛው በእስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ አደረገው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሁለቴ አየው። "ማኅተም አለ፣ እናቴ" አላት። "ምን ላይ እንደተመታ ግን አይነበብም።"

ስንወጣ ዋርሳዋ ደጃፉ ላይ ጠበቃት። ቁልፉን ተቀብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። "ወርቁን ያዢው፣ አልጠይቅሽም። እኔ ቤቱ ይበቃኛል" አላት። ከልቡ ነው፤ ደግነት የሠራ መስሎታል።

አሁን የኔ ጓዳ ውስጥ ነው የምትሰፋው፣ በዛችው በእግር መኪናዋ። ኪራይ አልጠየቅኳትም፣ ለምን እንደማልጠይቃትም አልጠየቀችኝም። ሥራው ቀንሷል። የሚመጣውም ሰው ወርቅ አላት እያለ ለሱሪ ማሳጠሪያ እንኳ ይከራከራታል። ባለፈው አንዱን ሸኝታ ስትቀመጥ "እማማ፣ ይሄን የወርቅ ወሬ ማን አመጣው ይላሉ?" አለችኝ።

"ሰው ክፉ ነው፣ ልጄ" አልኳት።

"ነው" አለች። ክሩን በጥርሷ በጥሳ የሱሪውን ሌላ እግር ከመርፌው ሥር አስገባች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።