ያላየሁት ደረት

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ወዳለው የጤና መሥሪያ ቤታችን አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ መጥታ የድሮ የሕሙማን መዝገብ ስታገላብጥ ዋለች። ኮምፒውተሩ ከመዝገቡ ተምሮ፣ ሳል የያዘው ሕፃን ሲመጣ ሕመሙ ይጠናበት እንደሆነ ቀድሞ እንዲናገር ነው፤ ማሽን ለርኒንግ ይሉታል። ጡረታዬ ስለተቃረበ ሌላ ሥራ የለኝም፤ የእጅ ጽሑፉን እንዳነብላት ተመደብኩ። ከሰዓት በኋላ የራሴ ጽሑፍ መጣ።

ያን ስጽፍ ከጀውሃ ወረድ ብሎ ባለ ጤና ኬላ ጀማሪ ጤና ረዳት ነበርኩ። አገሬው ዶክተር ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ጥቅምት ነው፣ የማሽላ እሸት ደርሷል፣ ሙቀቱም ገና አልበረደም። እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ባልቴት የልጅ ልጃቸው ሳል ይዞት አስጠሩኝና መዝገቤን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ልጁ በሻሽ ተጠቅልሎ እቅፋቸው ውስጥ ነው።

«ደረቱን ልየው፣ እትዬ» አልኩ።

«አትግለጠው ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ዓይን ይበላዋል። ከላይ ዳብሰው፤ ኢንሻአላህ ይበቃል።»

ጎረቤቶቹን «አንድ ጊዜ ውጡልኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ግን ትልቅ ሰው ማስቀየም ፈራሁ። በጨርቁ ላይ እጄን አድርጌ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ ሽሮፕ ሰጠሁ። መዝገቡ «ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?» ይላል፤ የከባድ ሳንባ ምች ምልክት ነው። ባዶ ቢተው ተቆጣጣሪው ይቆጣል። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። የተጠበሰ እሸት ሰጡኝ፤ እየበላሁ ተመለስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጁን ይዘው መጡ። ያን ዕለት ራሴ ገለጥኩት። በየትንፋሹ ከጎድኑ ሥር ይሰረጉዳል። በጭነት መኪና ወደ ደጋው ሆስፒታል ላክናቸው፤ ጣርማ በር ሳይደርሱ ልጁ ሞተ።

«አላህ ያለው ሆነ፤ አንተስ ደክመህልናል» አሉኝ እትዬ ዘሀራ ለቅሶ ስሄድ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባለሙያዋ ልጅ «ደረት መሰርጎድ፣ የለም» ብላ ኮምፒውተሩ ላይ ልታስገባ ስትል «እሱን አላየሁም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበል ጋሼ? ያለው ምርጫ አለ ወይም የለም ነው።»

«አውጪው።»

አወጣችው። ከዚያ ገጹን ቁልቁል አየች፤ «የለም» በ«የለም» ነው፣ ሁሉም በእኔ እጅ።

«እነዚህንስ አይተዋቸዋል?»

«አላስታውስም» አልኳት።