በሊማሊሞ ጉም ውስጥ ያንኳኳልኝ

«ሊማሊሞን ወርዳችሁ ግንባር ድረስ ሂዱ፣ ቁስለኛ ጭናችሁ ጎንደር ግቡ።» ትዕዛዙ ይኸው ነበር። የድንበሩ ጦርነት የመጨረሻ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። የተሰጠን በአራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ ማኪና ነበር፤ ከኋላው ቆርቆሮ ሣጥን የተገጠመለት። ሹፌሩ እኔ ነኝ። ረዳቴ ሰይድ ይባላል፤ አባቱ ጎንደር ከተማ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ልጅ ነው።

የዛሬ ልጆች «ፎር ዊል ነው» ካላችሁ የማይወጣው አቀበት ያለ አይመስላችሁም። ውሸት ነው። ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል የሚሉት ነገር አድሏዊ ነው፤ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲሾር ጉልበቱን ሁሉ ለእሱ ይሰጣል፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ጎማ ቆሞ ያያል። ሰይድ «ጎማ የሚሮጠው ሲሰንፍ ነው» ይል ነበር። እኛ ሹፌሮች ታዲያ አንድ ዘዴ ነበረችን። ረዳቱ ወርዶ ከማኪናው ጎን ጎማውን እያየ ይሄዳል። ሲሾር ቆርቆሮውን አንዴ ያንኳኳል። ያኔ ነዳጁን ሳልለቅ በግራ እግሬ ፍሬኑን በስሱ እነካለሁ። የሚሾረው ጎማ ሲያዝ ጉልበቱ ወደ ወዲያኛው ይሻገራል። መሬት ሲቆነጥጥ ረዳቱ ሁለቴ ያንኳኳል፤ እግሬን አነሳለሁ። በዚች ዘዴ ስንት ጭቃ ወጥተናል።

ቁስለኞቹ የነበሩት ከአንዲት ራሰ በራ ኮረብታ ሥር ነው። ደረስን። ሲነጋ መድፍ ጀመረ። መጀመሪያ ከፊታችን ወደቀ። ቀጥሎ ከኋላችን። እየተጎነበስን ጫንን። አምስተኛውን ስናስገባ አንዱ ከማኪናው ጀርባ ወደቀ። ሰይድ ተደፋ። ተነሣ።

«ምነው፣ ተመታህ እንዴ?»

«አፈር ነው» አለኝ ጎኑን እያራገፈ። ፎጣውን ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ስድስተኛውን አብረን አነሣን። ይህ ሰው መንጋጋውን የተመታ፣ ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለ፣ መናገር የማይችል ነበር። ቦታ ስላልነበረ ከቀኙ ቆርቆሮ ጋር አስጠግተን አስተኛነው።

ቀኑን ሙሉ ነዳን። ሰይድ አጠገቤ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። የተኛ መስሎኝ አላናገርሁትም። ዛሪማን አልፈን አቀበቱን ስንይዝ ዝናብ ጀመረ፤ አጋማሹ ላይ ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዝናቡ ቆመና ጉም ወረደ። የፊት መብራቱ ከማኪናው አፍንጫ አያልፍም። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል። ጎማው መሾር ጀመረ።

ሰይድ በሩን ከፈተ።

«ተቀመጥ፣ እኔው እሞክረዋለሁ» አልሁት። ፊቱ አላማረኝም ነበር።

«ማን ያንኳኳልሃል?» አለኝና ወረደ።

ኳ። ፍሬን ነካሁ። ኳ ኳ። ለቀቅሁ። ማኪናው እንደ እርጉዝ ላም እያቃሰተ ወጣ። አንዱን መታጠፊያ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሰይድ አይታየኝም፣ ጉሙ ውጦታል፤ እጁ ግን ይሰማኛል። ወደ ላይ ስንቃረብ ማንኳኳቱ ለስለስ አለ። ደክሞት ነው ብዬ አሰብሁ። ቢሆንም አንዴም አላሳሳተኝም።

አናቱ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። «ሰይድ! ና ግባ!» በማኪናው ዙሪያ ዞርሁ። ሰው የለም። በጎማው ዱካ ወደ ታች ተመለስሁ። ጭቃው ላይ የጎማው ዱካ አለ፤ የሰይድ ኮቴ ግን የለም። አንድ መታጠፊያ ወረድሁ፤ ኮቴ የለም። ሁለተኛ፤ የለም። ከሦስተኛው በታች፣ ከመንገዱ ጠርዝ፣ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ኮቴው እዚያ ድረስ መጥቶ እዚያው አብቅቷል። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነው። ፎጣውን ስፈታው ጎኑ በደም ርሷል። ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

ከዚያ ድንጋይ በላይ ሦስት መታጠፊያ አለ። በሦስቱም ተንኳኩቶልኛል።

ፈራሁ። የመድፉን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ተሸክሜ አወጣሁትና አጠገቤ፣ በቦታው አስቀመጥሁት። ሣጥኑን ከፍቼ «ከእናንተ ማነው ሲያንኳኳ የነበረ?» አልሁ። «ረዳትህ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። መንጋጋውን የተመታው ብቻ ረጅም ጊዜ አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። ከሆስፒታል ገብቶ ሁለት ቀን ሳይቆይ ሞተ። እሱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ለሰይድ ቤተሰብ «ሊማሊሞ ላይ ዐረፈ» ብቻ አልኋቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ግን ነቀዘ፤ በየክረምቱ ይበላኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አዲስ ማኪና ገዛ። አዘዞ ላይ ሰብስበው አስተማሩን። በየጎማው ላይ ፍጥነቱን የሚቆጥር መሣሪያ አለ። አንዱ ከሌሎቹ በልጦ ከሮጠ ኮምፒውተሩ የዚያን ጎማ ፍሬን ብቻ ይይዛል፤ ጉልበቱ ወደ ወዲያኛው ይሻገራል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ መሪው የዞረበትንና ማኪናው የሚሄድበትን ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ነዳጁን ቀንሶ አንዱን ጎማ ይዞ ያቀናዋል። «ሲሠራ ከሥር ኳ ኳ ይላል፣ እንዳትደነግጡ» አለ አስተማሪው። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማውን አየሁ።

የሰይድ እኅት ዘሃራ ቦታውን አሳየኝ እያለች ስትለምነኝ ስንት ዓመት! መንገዱ አይመችም፣ ክረምት ነው፣ እያልሁ አመልጣት ነበር። በመጨረሻ እሺ አልሁ። አስፈቅጄ በአዲሱ ማኪና ይዣት ሄድሁ። ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደን፣ ዞረን ሽቅብ ያዝን፤ እሱ በመጣበት በኩል መምጣት ፈልጋ ነው። መንገዱ ሊሠራ ተቆፍሮ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ጉም ወረደ። ጎማው ሾረ። ዳሽ ቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ።

ኳ።

ግራ እግሬ ሳላዘው ሄዶ ፍሬኑን ረገጠ። ፍሬኑንስ ማኪናው ራሱ ይዞታል፤ የኔ ሲጨመርበት አራቱም ጎማ ቆመና ወደ ኋላ፣ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመርን። ኳ ኳ ኳ ይላል ከሥር።

«አያ ታከለ! ማነው የሚያንኳኳው?» ብላ ጮኸች።

እግሬን አነሣሁ። ነዳጁን በስሱ ሰጥቼ ለማኪናው ተውሁለት። እያንኳኳ አወጣን። ድንጋዩ ዘንድ አቆምሁ። ወርዳ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ዱዓ አደረገች። እኔም እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት። ፎጣውን፣ ኮቴውን፣ ሦስቱን መታጠፊያ። ሳታለቅስ ሰማችኝ።

«አሁን ያንኳኳው ማኪናው ነው?»

«ማኪናው ነው።»

«ያን ዕለትስ?»

«አላውቅም ዘሃራ። አላውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለች።

ያን ዕለት ጎንደር ስገባ ለአለቃዬ «ስድስት ቁስለኛ ጭኜ ስድስቱንም አድርሻለሁ፤ አንድ ረዳት ሞቶብኛል» ብዬ ነበር። ከስድስቱ አምስቱ ድነው ወልደዋል፣ ከብደዋል። ቁጥሩ ግን ትክክል አልነበረም። ከኮረብታዋ ሥር የተነሡት ቁስለኞች ሰባት ናቸው። ሰባተኛው አቀበቱን በእግሩ ነበር የወጣው።